ልማድ ያለበት እጁን ያውጣ

ከወልድያ መርሳ በየቀኑ የምንመላለስ የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ስለ ማሽላ ብዙ እናውቃለን። ከመካከላችን ግብርና የተማረ ግን የለም። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከኋላዬ ጸሐፊዋ፣ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጥበቃውና ሌሎችም ይቀመጣሉ። የማሽላ እውቀታችን የመጣው ከሾፌራችን ሽንት ነው።

ሾፌራችን የውርጌሳ ተወላጅ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ጠይም ረጅም ሰው ናቸው። የሠራተኛ ሚኒባሷን ከወልድያ አስነስተው ሲሪንቃ ሲደርሱ ዳር ይዘው ያቆሙና፣ «አፉ በሉኝ፣ ጎማውን አየት ላርግ» ብለው ይወርዳሉ። ጎማው ያለው መኪናው ሥር ነው፤ እሳቸው የሚሄዱት ግን ከመንገዱ በስተግራ ወዳለው ባሕር ዛፍ ነው። ትልቅ ሰው ናቸውና ማንም ወደዚያ አይመለከትም። በስተቀኝ ደግሞ የግብርና ምርምር ጣቢያው የማሽላ ማሳ አለ። ስለዚህ ሁላችንም አንገታችንን ወደ ቀኝ አዙረን ስለ ማሽላ እናወራለን። «ዘንድሮ አጠር ያለውን ነው የዘሩት» ይላል ንብረት ክፍሉ። «አጭሩ ነው አሉ ዝናብ ሲያጥር የሚደርሰው» ይላል ጥበቃው። ጸሐፊዋ ወፍ የበላውን ታሳያለች። መሐል ላይም አንድ ሁለታችን «እግራችንን እናፍታታ» እያልን ወረድ እንላለን። በዚህ መሐል ሾፌሩ ተመልሰው ይገባሉ፣ «ጎማው ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ እንሄዳለን።

ከዓመት ዓመት ጎማው ብዙ ጊዜ ይወስድባቸው ጀመር። ድሮ የማሽላውን ቁመት አንስተን ሳንጥል ይመለሱ የነበሩት ሰውዬ፣ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ አቀንጭራው፣ ጥንቅሽ ስለ መሆን አለመሆኑ ሁሉ አውርተን ስንጨርስም አይመለሱም። ጥበቃው አንድ ጊዜ ወሬ አልቆበት ስለ ማሳው አጥር ተናገረ።

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን የምናገረው ለንስሐ ሳይሆን ለትውውቅ ነው። ጋቢና የምቀመጠውም ከኋላ ስቀመጥ ከሰው ስለምጣላ ነው። ሲሪንቃ በቆምን ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ ቦርሳዬን ከፍቼ እዘጋለሁ። ሾፌሩ ሲመለሱ፣ «አብሽሪ እታለም፣ መርሳ አትሸሽም» ይሉኛል። እውነትም ሸሽታ አታውቅም።

ጫትም አልወድም። ከሰዓት በኋላ ከመርሳ ስንመለስ የሾፌሩ ጉንጭ በአንድ በኩል ያብጣል። «ካልያዝኩ እንቅልፍ ያዳፋኛል» ይላሉ። ከሚያዳፋቸው ቢያብጥ ስለሚሻል ዝም እላለሁ። ከኋላ ያሉትም እጃቸውን እየዘረጉ «እስቲ ለአፌ ማሟሻ» እያሉ ቅጠል ይቀበሏቸዋል። አንዱ ያሟሻል፣ አንዱ ይደግማል፣ ወልድያ ስንደርስ የመኪናዋ ወለል ፍየል የዋለበት ጋጣ ይመስላል።

ድርጅታችን ከገበሬ እህልና ሽንኩርት እየገዛ የሚሸጥ ነው። ለሠራተኞቹ የሕክምና መድን ገብቷል። ከየደመወዛችን በየወሩ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ያክልበታል፣ የታመመ ይታከምበታል። ስለ መድኑ የምናስበው ደመወዝ ስንቀበል ብቻ ነበር፤ ያኔም በክፉ ነው የምናነሳው። ዘንድሮ መድን ሰጪው ክፍያውን ከፍ ሲያደርግ ጉዳዩ ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ሥራ አስኪያጃችን ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውኃ በሎሚ ይጠጣል እንጂ። ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ ሰሞን የመርሳ ሰው ማን እያሳደደው እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፤ ማንም እንዳላሳደደው ሲሰማ ይበልጥ አዘነለት። ይህ ልጅ ከአንድ ሥልጠና ሲመለስ «የአኗኗር ዘይቤ» የሚል ነገር ይዞ መጣ። ሐሳቡ አጭር ነው። ጭማሪውን ሁሉም እኩል ከሚሸከም፣ ጫት የሚቅም፣ የሚያጨስና የሚጠጣ ሠራተኛ ከሌላው እጥፍ ያዋጣ፤ ሲታከምም ግማሹን ከኪሱ ይክፈል። በጠቅላላ ስብሰባ በድምፅ ይወሰናል ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አልቅም፣ አላጨስ፣ ጠላም ቢሆን ለዓመት በዓል ከንፈሬን ከማርጠብ አላልፍ። የሰው ጉንጭ ባበጠ የእኔ ደመወዝ ስለምን ይከሳል? ይህንኑ ለጸሐፊዋ ነገርኳት፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ነገርኳት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ለባጃጅ ነጂም ነገርኩት።

ቤቴ መኪናዋ ከምታድርበት ግቢ አጠገብ ስለሆነ መጨረሻ የምወርደው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሌሎቹ ሁሉ ከወረዱ በኋላ ሾፌሩ መሪውን እንደያዙ፣

«ደሴ ሄጄ ነበር» አሉኝ። «ሐኪሙ ያለ ቀዶ ጥገና አይሆንም አለኝ።»

«ምንዎን ነው ጋሼ?»

«ወገቤን።»

ወገባቸውን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄንም ያውቃሉ። ሐኪሙ ነገሩ ከቆየ ጭራሹን ሊዘጋ ይችላል ብሏቸዋል። የሚዘጋው ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«በመድኑ ይሆናል ብዬ ሸክሜ ቀሎልኝ ነበር» አሉ። «አሁን ግማሹን ክፈል ካሉኝ፣ ያለኝ ውርጌሳ ልጄ የሚያርስበት ጥንድ በሬ ነው። አንዱን ልሽጥ ብል አንድ በሬ አያርስም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ደንቡ ካለፈማ ይቅርብኛ። አላህ ያውቃል።»

ቤቴ ገብቼ እራት አልወርድ አለኝ። መጀመሪያ በሥራ አስኪያጁ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በሐኪሙ፣ ቀጥሎ በሾፌሩ፤ ምናለ ያን ቅጠል ቢተዉት? ከዚያ ግን ቅጠል ሳይሆን ዕድሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ቅጠል ወደ አፉ አስጠግቶ የማያውቀው የአጎቴ ባል፣ አይ፣ የአክስቴ ባል፣ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው። ሲናደዱ ዘመድ ይምታታል።

ከስብሰባው በፊት ሥራ አስኪያጁ የጤና ባለሙያ አስመጥቶ የሁላችንንም ደም ግፊት አስለካ። የሾፌሩ የጎረምሳ ነው ተባለ። የእኔን ለካና ማሽኑን አየት አድርጎ ደግሞ ለካኝ።

«ጨው ያበዛሉ?»

«አላበዛም።»

«ይጠጣሉ?»

«አልጠጣም።»

«ይናደዳሉ?»

«ማን ነው ያለህ?» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም። ሥራ አስኪያጁ ቁጣ ከልማድ ይቆጠር እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፤ ባለሙያው ቁጣ ጠባይ ነው ብሎ መለሰ። በጠባይ አይከፈልም። ስለዚህ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቆጣቴን ቀጠልኩ።

ስብሰባው የተደረገው መርሳ፣ ሽንኩርት መጋዘኑ ውስጥ ነው። እኛ አገር ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ምርቃት ይወዳል። መራቂያችን ደግሞ በዕድሜም በአፍም ሾፌሩ ናቸው። ለዱዓው የሚሆን ጫት እንደ ወትሮው በሰፌድ ቀረበ። የተገዛው ከመስተንግዶ ሒሳብ ነው፤ ገንዘቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተነስቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይመርቁን» አላቸው።

ሾፌሩ እጃቸውን ዘረጉ። «ስብሰባውን ኸይር ያርገው። ቀልባችንን አንድ ያርገው። ደመወዛችንን በረካ ያርገው። የታመመ ይዳን፣ ያልታመመ አይታመም።» መጋዘኑ «አሚን» አለ። ከዚያ ለሁላችንም ቀንበጥ ቀንበጥ አደሉን። ዱዓ የተደረገበት ቅጠል አይመለስም፣ መሬትም አይጣልም። ሁሉም ወደ አፉ አደረገው። ሥራ አስኪያጁም አደረገው፤ ሎሚው ሳይሻለው አልቀረም። እኔ የድርሻዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከውዳሴ ማርያሜ ጎን አስቀመጥኩት።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ደንቡን አነበበና፣ ማን ማን ላይ እንደሚሠራ እንዲታወቅ ልማድ ያለበት እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። እኛ እርስ በርስ እንተማመናለን፣ ማንንም አንሰልልም አለ።

«የሚጠጣ?»

ንብረት ክፍሉ ጠላ መጠጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠላ እህል ነው ተባለ። ጥበቃው አረቄ የሚወስደው ለብርዱ እንደሆነ፣ ለብርድ የተወሰደ ነገር መድኃኒት እንደሆነ፣ እንዲያውም መድኑ ሊከፍልለት ይገባ እንደነበር አስረዳ። እጅ አልወጣም።

«የሚያጨስ?»

የሽያጭ ሠራተኛው በሕይወቱ ሲጋራ ገዝቶ እንደማያውቅ ምሎ ተናገረ። ይህ እውነት ነው። ሁልጊዜም የሚያጨሰው የሰው ነው።

«ጫት የሚቅም?»

ቅጠሉ ገና በየጉንጩ ነበር። ማንም አልተነቃነቀም። ዋሹ ብል ግን እኔው ውሸታም እሆናለሁ። እኛ ዘንድ ቃሚ ማለት ጫት የጣለው፣ ትዳሩን የፈታ፣ ሱሪው የወለቀ ሰው ነው። እነሱ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አፋቸውን ያሟሻሉ፣ ሥራ ሲበዛ ነቃ ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን የቃሙ፣ ቃሚ ግን ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

አንድ እጅ ወጣ። ቅድም የመረቀን እጅ ነው።

«እኔ እቅማለሁ» አሉ ሾፌሩ። «ከጎረምሳነቴ ጀምሮ። አሁን ዱዓ አድርጌ አሁን እንዴት ልዋሽ?»

ብድግ አልኩ። «ትናንት ከሰዓት መኪናው ውስጥ ቅጠል ሲበጥሱ የመጡት የማን ፍየሎች ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሥራ አስኪያጁ ፍየል አጀንዳ አይደለም አለኝ። «እንዴት አይደለም? መንጋው እኮ እዚሁ ተሰብስቦ ያመሰኳል!» አልኩ። ጸሐፊዋ ማኘኳን አቆመች። ለመቀጠል አፌን ስከፍት ሾፌሩ በለሆሳስ፣

«ተይ እታለም» አሉኝ። «የሰው ገመና በስብሰባ አይወጣም። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ተቀመጪ ተብዬ የተቀመጥኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም።

ደንቡ አለፈ። ልማድ የሌለበት ሁሉ ደገፈው፤ ልማድ የሌለበት ደግሞ ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉም ነው። እኚያ አንድ ሰውም «ሐቅ ነው፣ የበላ ይክፈል» ብለው ለድጋፍ እጃቸውን አወጡ። የተቃወምኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከጠባይዋ ነው ተብሎ ታለፈ። ጭማሪው ግን በአንድ ሾፌር እጥፍ መዋጮ የሚሸፈን ስላልነበረ በሚቀጥለው ወር የሁላችንም ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ከፍ አለ። ያን ጊዜ ያጉረመረመው ሰው ብዛቱ!

የስብሰባው ዕለት ስንመለስ ማንም ቅጠል አልጠየቃቸውም። ሲሪንቃ ቆሙ፣ ወረዱ። አንገታችንን ወደ ማሽላው አዞርን፤ የተናገረ ግን የለም።

ሰነባበተ። ሾፌሩ የደሴን ነገር አላነሱም። ከሲሪንቃ በፊትም መቆም ጀመሩ፤ በመጨረሻም ገና ከወልድያ መውጫ፣ እዚያ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር። ሲመለሱ ፊታቸው ላብ ያቸፈችፋል፤ «ጎማው ደህና ነው» ማለትም ተዉ። እኔ ሰዓቴን ማየት አቆምኩ። ፈራሁ። ቁጡ ሰው ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ደመወዝ በወጣ ማግሥት ሲሪንቃ ቆመን እሳቸው ወርደው ሳሉ፣ ንብረት ክፍሉ ከኪሱ ባዶ ፌስታል አወጣ። የሆነ ነገር ጨመረበትና ለጸሐፊዋ አቀበላት። ጸሐፊዋ ጨምራ ለጥበቃው አሳለፈች። የደሴውን ነገር ለጸሐፊዋ ብቻ ሹክ ብያት ስለነበር፣ ማንም ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ሁሉም አንገቱን ወደ ማሽላው እንዳዞረ እጁን ብቻ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ይልክ ነበር። ሲጋራ ገዝቶ የማያውቀው ልጅ እንኳ ብሩን እንደ ሲጋራ ጠቅልሎ ከተተ። ፌስታሉ ጋቢና ደረሰ። እኔም የድርሻዬን ከትቼ ቋጠርኩት። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ስቆጥር ነው የምውለው፣ ምናለ አንድ ቀን ባልቆጥር? ለዚህ ሁሉ ሥራ ጊዜ ያገኘነው ሾፌሩ ቶሎ አይመለሱም ብለን ነው። በእርግጥም አልተመለሱም።

በድምፅ አንከፍልም ያልነውን በይሉኝታ ከፈልነው፤ ዋጋው ሳይበልጥ አልቀረም።

ችግሩ እንዴት ይሰጣቸው ነው። ብር እንኩ ቢሏቸው አይቀበሉም። ሐቅ ነው ብለው እጃቸውን ያወጡበት ነገር ነው። መላው የመጣው ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው። «ዱዓ ይጠየቃሉዋ» አለች። ሰው ለአንድ ትልቅ ሰው ጫት ይዞ ሄዶ ዱዓ አድርጉልኝ ካለ፣ የቀረበላቸውን አልቀበልም አይሉም፤ ነውር ነው። ጫቱን የሚይዘው ደግሞ ዱዓው የሚያስፈልገው ሰው መሆን አለበት። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከተ። ደም ግፊቴን ሰምተዋል።

ስለዚህ በስተርጅናዬ መርሳ ጫት ተራ ገባሁ። ሻጯ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ለማን ነው እናቴ?» አለችኝ። የማያፍር ሰው የለም፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ለዱዓ ነው» አልኩ። «ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው» አለችኝ። እሷን ልቆጣ ስል ጊዜ አጣሁ፤ ሥራ አስኪያጁ በባጃጅ ሲያልፍ አየኝና ወረደ። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን እስር ብብቴ ሥር፣ የብሩን ፌስታል በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እትዬ፣ እርስዎም?»

«ለዱዓ ነው» አልኩት። «ለሾፌሩ።»

ፌስታሉን አየ። ጫቱን አየ። ብዙ ነገር ሊናገር የፈለገ መሰለኝ፤ ደንቡን የጻፈው እሱ ነውና። ግን አልተናገረም። ከኪሱ አውጥቶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና፣ «እኔንም አሚን በሉልኝ» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ያን ቀን ወደድኩት። እስካሁን አልነገርኩትም።

ሾፌሩ የቢሮው ግቢ ውስጥ መኪናዋን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሠራተኛው ሁሉ ከበባቸው። ፌስታሉን ቅጠሉ መሐል አድርጌ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ጋሼ፣ ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ተቀበሉኝ። መዘን መዘን አደረጉት።

«ይሄ ጫት ከበደሳ እታለም።»

«በሽታዬም ከባድ ነው» አልኩ።

ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ። ንብረት ክፍሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጥበቃው ጎማ ይመረምራል። ይመልሱብናል ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ የዚችን እህቴን ቁጣ አብርድላት» አሉ። «አሚን!» አለ ሰው ሁሉ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጮኾ። «ደሟን አርጋላት።» «አሚን!» «የዋሉልኝን ውለታ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። እኔ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው እንዳልል ማንም አላናደደኝም።

ደሴ ሄዱ። ሌላ ሾፌር መጣልን። ፈጣን ልጅ ነው፤ ሲሪንቃን እንደ ነፋስ ያሳልፈናል። መርሳ ቀድመን እየደረስን ቢሮው ሳይከፈት ደጅ እንቆማለን። መኪና ውስጥ ወሬ ጠፋ። ጥበቃው ሁለት ጊዜ ያህል ስለ ሽንኩርት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሾፌራችን ከስተው፣ ፊታቸው ግን ጠርቶ ተመለሱ። ሐኪሙ ለጊዜው ጫት ከልክሏቸዋል። ስለዚህ በደንቡ መሠረት በድርጅታችን ልማድ የነበረበት ያ አንድ ሰውም ልማዱን ተወው፤ ዛሬ አንድም ልማድ ያለበት ሠራተኛ የለንም። ከደመወዛችን የሚቆረጠው ግን እዚያው ነው።

በተመለሱ በመጀመሪያው ጠዋት ሁላችንም ቀድመን መጥተን ተሳፈርን። ሲሪንቃ ቀረብን። መኪናዋ ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ባሕር ዛፉ ደረሰ፣ ሊያልፍም ሆነ። ሾፌሩ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ትንሽ ፈገግታ ይዘው ይነዳሉ። ደስ አለኝ። እግዜር ይመስገን አልኩ በልቤ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ተሰማኝ። ከኋላ ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ጸሐፊዋ ወንበሯ ላይ ተቁነጠነጠች። በፈጣኑ ልጅ ጊዜ አፍረን የቻልነው ነገር እሳቸው ጎን ስንቀመጥ እምቢ አለ፤ ስንት ዓመት ሙሉ እሳቸው ሲወርዱ እኛም አንድ ሁለታችን ወረድ እያልን ኖረናል ለካ።

«ጋሼ፣ ያቁሙልኝ» አልኩ።

ፍሬን ያዙ። «ምነው እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ጎማውን አየት ላርግ።»

ከት ብለው ሳቁና ዳር ያዙ። እኔ ስወርድ ሌሎቹም ተከትለውኝ ወረዱ፤ አንድም ሰው መኪናው ውስጥ አልቀረም። ሴቶቹ ወደ ላይኛው ባሕር ዛፍ፣ ወንዶቹ ወደ ታችኛው ሄድን። ስንመለስ ሾፌራችን እንደተቀመጡ ናቸው። ለጨዋነት ብለው አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው፣ ዓይናቸውን ከማሳው ሳይነቅሉ ማሽላውን ያያሉ። ማሽላው ታጭዶ ከተነሳ ሰነባብቷል።